ቴዎድሮስ «ለራ» ነው እንዴ የተወለዱት?

«ለሪት» የሚባል ወረዳ ታውቃላችሁ? «በንበ»ስ? ዓፄ ቴዎድሮስ «ለራ» መወለዳቸውንስ ሰምታችኋል?

አትድከሙ፣ ካርታ ላይ የሉም። እኔ ግን በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ እነዚህን ስሞች ሳነብ ሰንብቻለሁ። ዛሬ ከየት እንደመጡ ልንገራችሁ። ነገሩ የፊደላችን ታሪክ ነው፣ የሊኑክስም ታሪክ ነው፣ የእኔ ጥፋትም አለበት። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። መሐል ላይ ይቅርታ የምጠይቃቸው የቀድሞ ተማሪዎቼ አሉ፤ እነሱ እንኳ እስከዚያ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

*

የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ አስተማሪዬ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ስላሉኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በጥምቀት ሰሞን የማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ድረስ መጡና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ፍላሽ አወጡ።

«እስቲ ይቺን አትምልኝ። ሁለት ቤት ሞክሬ እንቢ ብላለች» አሉኝ።

ፍላሹ ውስጥ ያለው 130 ገጽ ገደማ ጽሑፍ ነው። ጋሼ ለዓመታት ቅዳሜና እሑድ ሽማግሌዎች እየጠየቁ የሰበሰቡት። ከዘጌ ቡና በታንኳ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ያወጡ የነበሩ ሰዎች፣ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ከጓንጓና ከቋሪት በእግራቸው መጥተው ከተማዋ ገና ትንሽ ሳለች የሰፈሩ። በ1994 ዓ.ም. በገዛ ደመወዛቸው አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በኮምፒውተር አስጻፉት። መጀመሪያ ፍሎፒ ላይ ነበር፣ ከዚያ ወደ ሲዲ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ ዞረ። የእጅ ጽሑፉን ደብተር ምስጥ በላው። የጠየቋቸው ሽማግሌዎች ደግሞ አንዳቸውም ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ያቺ ፍላሽ ብቻ ነች የቀረችው።

ሰካሁት፣ ከፈትኩት። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የፈረንጅ ፊደል፣ ባለ ነጥብ «ኦ»፣ የገንዘብ ምልክት፣ ቅንፍ፣ ተገልብጦ የቆመ የጥያቄ ምልክት፣ ሁሉም ተደበላልቆ 130 ገጽ ሙሉ።

«ጋሼ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ያቺን ቃል ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተናግሬያት ዋጋ አስከፍላለች። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ፊደላችን እንዴት እዚህ ጣጣ ውስጥ እንደገባ እንይ።

*

ከጽሕፈት መኪናው እንጀምር። መኪናው የታሰበው ጥቂት ፊደል ላላቸው ፈረንጆች ነው። እኛ ዘንድ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ቋ፣ ጓ፣ ሟ፣ ከዚያ ደግሞ ቁጥሩና ነጥቡ ይጨመሩበታል። ይህን ሁሉ እዚያች ትንሽ መኪና ላይ እንዴት ታሰፍረዋለህ? በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነገር ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። መላው ፊደሉን መቆራረጥ ነበር፦ አካሉን በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ መምታት። የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያየ ሰው የፊደሉ እግር ከአካሉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ መቆሙን ያስታውሳል። ምክንያቱ እሱ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ችግር ልብስ ቀይሮ መጣ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፎንት የምንለው ነገር ደግሞ «ይህ ቁጥር ሲመጣ ይህን ሥዕል አሳይ» ይለዋል። በዚያ ዘመን ያሉት መቀመጫዎች ደግሞ 256 ብቻ ነበሩ። ከነሱም የመጀመሪያዎቹ 32 ለትእዛዝ የተያዙ ናቸው፣ ሌላውን የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሞልቶታል። ለሀ የተመደበ ወንበር አልነበረም።

ታዲያ ወገኖቻችን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት አቶ ፍስሃ አጥላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም የግእዝ ፊደል የሚጽፍ ፕሮግራም ሠሩ። ዶ/ር አበራ ሞላም በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል። በኋላ አገር ቤት ጽሕፈት ቤቱን ሁሉ የሞሉት እነ ቪዥዋል ግእዝና ፓወር ግእዝ መጡ። («የመጀመሪያው ማን ነው?» የሚለውን ክርክር ለኮሜንት ትቼዋለሁ፣ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ።) እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ያ ዘመን በአማርኛ ባልተጻፈ ነበር፣ ምስጋና ይገባቸዋል።

መላቸው ግን ጭምብል ነበር። ወንበር ስለሌለን በፈረንጁ ፊደል ወንበር ላይ የእኛን ሥዕል አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ «ኤ» ብሎ ያስቀምጣል፣ ፎንቱ «ሀ» አድርጎ ያሳያል። ፎንቱ እስካለ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ፎንቱ የጠፋ ቀን ግን ጭምብሉ ይወልቅና ከሥር ያለው «ኤ» ብቅ ይላል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ድርጅት ወንበሩን የመረጠው ለብቻው ነው። አንዱ ጋ «ለ» የሆነ ቁጥር ሌላው ጋ «ጠ» ነው። ሁሉም ፊደል በአንድ ፎንት ስለማይገባም ብዙዎቹ ሁለተኛ ፎንት ጨመሩ፤ ዋናው ላይ ዋና ዋናዎቹ፣ ሁለተኛው ላይ እነ ቋ፣ ጓና ቁጥሮቹ። ይህቺን ሁለተኛ ፎንት አትርሷት፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

*

አሁን ወደ ሊኑክስ ልውሰዳችሁ።

ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991) ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለማያውቃቸው ሰዎች ባስተላለፈው አጭር መልእክት «እንዲሁ ለጨዋታ ያህል አንድ ሥርዓት እየሠራሁ ነው፣ ምን ቢኖረው ትወዳላችሁ?» የሚል ሐሳብ አቀረበ። እኛ ጋ ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። ሰዎች መለሱለት፣ ስሕተቱን ነገሩት፣ አርመው ላኩለት። ሊኑክስ እንዲህ ነው ያደገው። ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ማየትና ማስተካከል ይችላል፣ ያስተካከለውንም ለሌላው ያካፍላል።

በዚያው ዘመን በየአገሩ የተበተኑ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል መጻጻፍ ጀምረው ነበር። ኢሜይሉ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የሚባል ስምምነት አዘጋጁ (የእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል ነው እንጂ ምንም አልተዶለተም!)። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ ሁላችንም አንድ ዓይነት እንጻፍ። ትንሹ «ቲ» ት ይሁን፣ ትልቁ «ቲ» ጥ ይሁን። ትንሹ «ሲ» ች፣ ትልቁ «ሲ» ጭ። ሁሉም በዚህ ከተስማማ የላክሁትን የትም ያለ ሰው ወደ ፊደል መልሶ ያነበዋል። ልብ በሉ፣ ይህ የፎንት ሽያጭ አይደለም። ስምምነት ነው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት።

ከዚያ ሥራው ባልታሰበ ቦታ ቀጠለ። ጀርመን ሐምቡርግ ላይ ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኸን ሜትሲንገር ጋር ሆነው ላቴክ በሚባለው የመጽሐፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ግእዝ እንዲጻፍ አደረጉ። ጃፓን ውስጥ ታካሃሺ ናኦቶ የሚባሉ ባለሙያ ኢማክስ ለሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም የግእዝ አጻጻፍ አበጁለት። አስቡት፣ ጃፓናዊ! ሊኑክስ የወርና የቀን ስም፣ የፊደል ቅደም ተከተል የሚያውቅበት የየአገሩ መዝገብ አለው። እዚያ ውስጥ ግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ መዝገብ አለ። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አፋርኛ፣ ትግርኛም አሉ። ራሱ ግእዝም አለ፣ ያውም በሁለት መልክ፦ አንደኛው በሀለሐመ፣ ሁለተኛው በአበገደ ቅደም ተከተል! ይህን ለአንድ የቅኔ መምህር ስነግራቸው «አበገደን ፈረንጅ ኮምፒውተር ውስጥ ማን አስገባው?» ብለው ሳቁ። ያስገቡት ጉዳዩ የገባቸው ተጠቃሚዎች ናቸው።

ትልቁ መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደል ሁሉ መዝገብ 3ኛ እትሙ ላይ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ወንበር ሰጠ። ሀ የራሷን ቁጥር አገኘች፦ 4608። ሰላም ብትሉ 4656፣ 4619፣ 4637 ነው፣ ባሕር ዳርም ብትጽፉት ቶኪዮ። ከዚያ ወዲህ ሀ ማለት ሀ ናት፣ የማንም ጭምብል አይደለችም።

ታዲያ ጋሼ በ1994 ዓ.ም. ሲያስጽፉ ዩኒኮድ ተፈቅዶ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖት የለ? አዎ። ነገር ግን መፍትሔ መኖሩና መፍትሔው ቤትህ መድረሱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በየጽሕፈት ቤቱ የነበሩት ኮምፒውተሮች ይህን አያውቁም ነበር። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ ይዞ የመጣው በቪስታ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007፤ ፎንቱም ኒያላ ይባላል። እስከዚያ ድረስ አገር ሙሉ በጭምብል ሲጽፍ ኖረ። አስቡት እንግዲህ፣ የስንት መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የስንት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የስንት ማኅበር ታሪክ!

*

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ወደ ሊኑክስ የገባሁት በፍላሽ ቫይረስ ምክንያት ነው። ያቺን ፎልደሩን ሁሉ ደብቃ በምትኩ አቋራጭ የምታስቀምጠውን ቫይረስ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አንድ ባልደረባዬ «ባክህ ሊኑክስ ያለበት ላይ ሰካውና እየው» አለኝ። ሰካሁት፣ የተደበቀው ፎልደር ፍጥጥ ብሎ ታየ። ሊኑክስ ያችን የዊንዶውስ «ደብቅ» የምትል ምልክት አይቶ እንዳላየ ያልፋታል፣ ቫይረሷም እዚያ ላይ አትነሣም። በዚህ ተማረክሁ። በ2011 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ያረጁ ኮምፒውተሮች እየጠረግሁ ኡቡንቱ ጫንኩባቸው።

ያየሁት ችግርና ያገኘሁት እርዳታ ብዙ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው የተጫኑበት ኮምፒውተር ላይ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ይዛነፋል። አንዱ የማዘርቦርዱን ሰዓት የዓለም አቀፍ ሰዓት አድርጎ ያነባል፣ ሌላው የአካባቢ ሰዓት ነው ይላል፣ እኛ ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ይህን ያስረዳኝ የሌላ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኢንተርኔት «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጽ አልከፍት ሲለኝ «የማዘርቦርዱን ባትሪ ቀይረው፣ ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ሄዶብህ ነው» ያለኝ ደግሞ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ማንም ሳንቲም አልጠየቀኝም። እኔም ያወቅሁትን ለሌላው እነግራለሁ። ገጠር ያደጋችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ወንፈል ነው። ዛሬ የእኔን ታርሳለህ፣ ነገ የአንተን አርሳለሁ።

እንግዲህ በዚያ ጠረጋ መሐል አንድ ኮምፒውተር ላይ «ሚኒ ሚዲያ» የሚል ፎልደር አገኘሁ። የብዙ ዓመት የሰልፍ ላይ ዜና፣ ግጥም፣ ጭውውት፣ የአማርኛ ክበብ መጽሔት። ኡቡንቱ ላይ ስከፍተው ልክ እንደ ጋሼ ፋይል፦ ባለ ነጥብ «ኦ»፣ ቅንፍ፣ የገንዘብ ምልክት። «ቫይረስ በልቶታል፣ ተበላሽቷል» ብዬ አጠፋሁት። በኋላ አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን መጥታ «መምህር፣ አሥረኛ ክፍል እያለሁ የጻፍኳት ግጥም እዚያ ውስጥ ነበረች፣ ሌላ ቅጂ የለኝም» ስትለኝም ያንኑ ደገምኩላት፦ «ቫይረስ በላው።»

አልበላውም። ፋይሉ ጤነኛ ነበር። የጎደለው አንድ ፎንት ብቻ ነው። የበላሁት እኔ ነኝ።

የሚኒ ሚዲያ ልጆች፣ ይህን ለዓመታት አውቄ ዝም ብያለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

*

ለዚህ ነው ጋሼ ፊት ያቺን ቃል የዋጥኳት።

ጊዜው ደግሞ ኢንተርኔት እንደልብ የሚገኝበት አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። እንደወትሮው ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ «ይህን የሚያውቅ?» ማለት አይቻልም። የነበረኝ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መመሪያ ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ መመሪያ የምትጠራው ትእዛዝ «ማን» ትባላለች። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይስቁባታል፦ የሚያስተምርህ ማን ነው ቢሉህ፣ «ማን» ነው። ያን ሰሞን ግን እሷም አላዋጣችኝም።

አዲስ አበባ ላለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደወልኩ።

«መምህር፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«ፋይሉ አልነበብ አለ።»

«እንደሱ አይልም። የተረዱትን አይንገሩኝ፣ የተጻፈውን ያንብቡልኝ።»

ፈተና ላይ «ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብብ፣ የራስህን አትጨምር!» እያልኩ ስቆጣው የነበረ ልጅ ነው። ብድሩን መለሰ። በላይ በኩል የፎንት ስም የሚታይባትን ሳጥን እንዳይ ነገረኝ። ስሙ ጋደል ብሎ ተጽፏል። «ጋደል ካለ ፎንቱ እርስዎ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ነው። ስሙን ፊደል በፊደል ይንገሩኝ» አለኝ። ነገርኩት። ጠቋሚ አንቀሳቅሼ ወደ ታች ስወርድ አንዳንድ ቃል ላይ የፎንቱ ስም ይቀየራል። ያን ጊዜ «መምህር፣ እባክዎ ኮፒ አድርገው ወደ ሌላ ፋይል እንዳይለጥፉት» አለኝ። ምክንያቱም ሁለቱ ፎንቶች ያንኑ ቁጥር ለተለያየ ፊደል ይጠቀሙበታል። ፎንቱ የትኛው እንደነበረ የሚናገረው ዋናው ፋይል ብቻ ነው። ያ መረጃ ከጠፋ ቋና ለ አንድ ይሆናሉ፣ ማንም ሊለያቸው አይችልም።

ከሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በመጣ ሰው እጅ ፍላሽ ላከልኝ። ውስጡ የድሮውን ቁጥር ከዩኒኮዱ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሠንጠረዥና በፓይተን የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሠንጠረዡን እሱ አልሠራውም። ከዓመታት በፊት አንድ የማያውቀው ሰው የራሱን ችግር ሲፈታ አዘጋጅቶ፣ «ለሚፈልግ» ብሎ ለሁሉም የተወው ነው።

ፕሮግራሙን አስኬድኩት። ደቂቃ አልሞላም። 130 ገጽ አማርኛ ሆነ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። «ለሪት ምንድን ነው?» አሉኝ። ቀጠሉ። «በንበ። በጉሳ። ... ቴዎድሮስ ከለራ?»

ያ የማናውቀው ሰው ሠንጠረዥ ዋናውን ፎንት ብቻ ነበር የያዘው። እነ ቋና ጓ ያሉበት ሁለተኛው ፎንት አልገባውም። ስለዚህ ሁለተኛውን እንደ አንደኛው እያነበበ ቋን «ለ»፣ ጓን «በ» አደረጋቸው። እስቲ አስቡት፣ ለሌላው አገር ይህ ትንሽ ጉድለት ነው። የእኛ አካባቢ ስም ግን በነዚህ ፊደላት የተሞላ ነው፦ ቋሪት፣ ቋራ፣ ጓንጓ፣ ጓጉሳ። ጽሑፉ ድኖ አገራችን ጠፋች።

እዚህ ላይ ኮምፒውተር የሚያውቀው እኔ ሳልሆን ጋሼ ሆኑ። «ለሪት ማለት ቋሪት ነው፣ ከሰቀላ ጋር ስለጠቀስኩት» አሉኝ። ቋ ተገኘች። «በንበ ጓንጓ ነው» ጓ ተገኘች። «ሰውዬው 'በአባቱ ለንለ' ይላል፣ ቋንቋ ማለቱ ነው።» እሳቸው ቃሉን ያወጣሉ፣ እኔ ሁለተኛው ፎንት ላይ ቁጥሩን አይቼ ሠንጠረዡ ላይ እጨምራለሁ። መብራት ሲሄድ እሳቸው ስለ ሽማግሌዎቹ ያወሩኛል፣ ሲመጣ እንቀጥላለን። በሦስት ከሰዓት 17 ፊደል መለስን።

የመጨረሻውን ቀን ለተማሪዬ ደውዬ 17ቱንም ቁጥር በቃል አስጻፍኩት። እሱም በሠንጠረዡ ላይ ጨምሮ ለሌላው እንዲደርስ መልሶ አስቀመጠው። ያ የማናውቀው ሰው ግማሹን አርሶልን ነበር፣ እኛ የቀረውን አረስን። አሁን ሌላ ሰው የራሱን «ለሪት» ሲያገኝ ሳምንት አይከርምበትም።

*

ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የማስቀረው ይህን ነው።

ፋይል ስትከፍቱ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ አትደንግጡ፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ ጤነኛ ነው። የጎደለው የአማርኛ ፎንት ነው። አቢሲኒካ፣ ኖቶ፣ ወይም ዋሽራ የሚባሉት ሁሉ በነፃ ይገኛሉ፤ ጫኑት፣ አለቀ። የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከታያችሁ ግን የድሮው ጭምብል ነው። አታጥፉት፣ ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ሌላ አትገልብጡት፣ «ቫይረስ በላው» አትበሉ። ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡና የፎንቱን ስም ጻፉ። ቤታችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ፣ ደብራችሁ፣ ዕድራችሁ ውስጥ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተጻፈ ፍሎፒም ሲዲም ካለ አምጡልኝ። ሠንጠረዡ እኔ ጋ አለ። ያልሞላው ካለ አብረን እንሞላዋለን።

ችግር ፈትታችሁ መፍትሔውን ለራሳችሁ ብቻ ካስቀራችሁት ደግሞ ግማሹን ነው የፈታችሁት። ያ ሰው «ለሚፈልግ» ብሎ ባይተወው ኖሮ ጋሼ ዛሬም ፍላሻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዞሩ ነበር።

አንዲት ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሥራውን የጨረስን ቀን ጋሼን ላዝናናቸው ብዬ ኢማክስ ውስጥ ያለችውን የሰላምታ ገጽ አሳየኋቸው። በብዙ የዓለም ቋንቋ ሰላምታ የተጻፈባት ናት። በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ስለሆነች አማርኛ እዚያ መጀመሪያ አካባቢ አለ። ደስ እንዲላቸው ነበር። ጋሼ አጎንብሰው አዩት፣ መነጽራቸውን አነሡ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይሄ 'ሠላም' የተጻፈው በንጉሡ ሠ ነው። ሰላም በእሳቱ ሰ ነው እንጂ!»

እውነታቸውን ነው። እኔ ባየሁት ቅጂ ላይ እንዲያ ነው የተጻፈው። «ጋሼ፣ ምን እናድርግ፣ የዓለም ፕሮግራም ነው እኮ» አልኳቸው።

«ማንም ያርመዋል አላልክም? ጻፍላቸዋ!»

እውነቱን ልናገር፣ እስካሁን አልጻፍኩም። ሰኞ ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን እንጽፋለን። ጋሼ በየሳምንቱ «መለሱልህ?» እያሉ እየጠየቁኝ ነው።

ቸር እንሰንብት።